የመመለሻውን መንገድ ያጠፋንበት ሐሙስ

ስለ ሥራ ዘመናቸው የሚጽፉ ሰዎች ብዙውን ጊዜ ፀጉራቸው የሸበተ፣ የግድግዳ ሰዓት ተሸልመው የተሸኙ ናቸው። እኔ ገና ሠላሳ አልሞላኝም፤ የሸለመኝም የለም። ነገር ግን የሠራሁበት ሱቅ ተዘግቷል፣ ያስተማሩኝ ሰውም ሥራ አቁመዋል፣ እኔም አሁን እንጀራዬ ሌላ ነው። ስለዚህ ያኛው ሥራዬ አልቋል ማለት ነው። በንግግር አይሆንልኝም፤ ሰው ፊት ቆሜ ጥቂት ከተናገርኩ ጆሮዬ ይግላል። የተማርኩትም እስከ ስድስተኛ ክፍል ብቻ ነው። ወረቀት ግን አያፈጥብኝም።

ሥራዬ አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ሊኑክስ የሚባለውን፣ በዊንዶውስ ፋንታ በነፃ የሚገባውን ሥርዓት መጫን፣ ከዚያም ያ ሊኑክስ አፕዴት በተደረገ ቁጥር የሚበላሸውን ማስተካከል ነበር። መጫኑ ቀላል ነው። ልብ የሚያደርቀው ሁለተኛው ነው።

አትላንታ የመጣነው አባቴ ዲቪ ደርሶት ነው። መጀመሪያ ኮሌጅ ፓርክ፣ ኤርፖርቱ አጠገብ ሆቴል ውስጥ ክፍል አጸዳ ነበር። አለቃዬ ደግ ሴት ነበረች፤ አንሶላ እንዴት እንደሚወጠር በትዕግሥት ያሳየችኝ እሷ ናት። ግን በየጠዋቱ ክብ ሠርተን እንድንቆም ታደርግና እያንዳንዳችን ስለ ቀናችን አንድ ነገር እንድንናገር ትጠይቃለች። በዚህ ምክንያት ሥራ ለቀቅኩ ብል የሚያምነኝ የለም። ለቀቅኩ።

ቡፎርድ ሃይዌይ ላይ፣ በኮሪያዎች ዳቦ ቤትና በሜክሲኮዎች ጫማ መሸጫ መካከል፣ ጋሽ ኃይሌ የሚባሉ ሰው ኮምፒውተር የሚጠግኑበት ጠባብ ሱቅ ነበር። የተቀጠርኩት ለጽዳት ነው። ወለሉን ስጨርስ የተፈቱትን ማሽኖች አቧራ በቀጭን ብሩሽ አወጣ ነበር፤ ይህን ማንም አላዘዘኝም። አንድ ቀን ጋሽ ኃይሌ ከጎናቸው ወንበር ሳቡልኝ።

«ወሬ አታበዢም አይደል?» አሉኝ።

ራሴን ነቀነቅኩ።

«እንግዲህ ተቀመጪ። የዚህ ሥራ ግማሹ ዝም ብሎ ማየት ነው። ወሬኛ ሰው አያየውም።»

ጋሽ ኃይሌ አገር ቤት የስልክ መስመር ሠራተኛ ነበሩ፤ ምሰሶ ላይ እየወጡ ሽቦ የሚቀጥሉ። ሊኑክስን የተማሩት እዚህ መጥተው፣ ካረጁ በኋላ፣ ከሰው የተጣለ ማሽን አንስተው ነው። ደንበኞቻችን ልጅ ጠባቂዎች፣ ሾፌሮች፣ ልጃቸው ኮሌጅ የገባላቸው እናቶች ነበሩ። የሚያመጡት ላፕቶፕ አዲሱን ዊንዶውስ መሸከም ያቃተው ነው። ሊኑክስ ስንጭንበት ነፍስ ይዘራል፤ ደንበኛው መርቆን ይሄዳል። ከጥቂት ጊዜ በኋላ አንዲት ትንሽ መስኮት ስክሪኑ ላይ ብቅ ትልና አዲስ አፕዴት አለ ትለዋለች። ይነካታል። ከዚያ ተመልሶ እኛ ጋ ይመጣል።

ሁሉም በር ላይ የሚሉት አንድ ነው፦ «ትናንት ይሠራ ነበር እኮ!»

እውነታቸውን ነው። ሊኑክስ ላይ አንድ ፕሮግራም ራሱን ችሎ አይኖርም፤ ከጎረቤቶቹ እየተዋሰ ነው የሚኖረው። ፊደል የሚያሳይበትን ከአንዱ፣ ድምፅ የሚያወጣበትን ከሌላው ይዋሳል። አንዱን ስታድሺ ያዋሰው ጎረቤትም ልታደስ ይላል፤ ያ ሲታደስ ደግሞ ከእሱ ይዋስ የነበረ ሦስተኛ ይቀየምና ሥራ ያቆማል። ቡፎርድ ሃይዌይ ላይ የሠርግ ጥሪ ካርድ የሚያትም ደንበኛ ነበረን። አንድ ጠዋት አፕዴት አደረገና የአማርኛ ፊደሉ በሙሉ ባዶ ሳጥን ሆነ። የሙሽራው ስም ሳጥን፣ የሙሽራይቱ ስም ሳጥን። ሰውየው ካርዱን እያርገበገበ ገብቶ፣ «ጋሽ ኃይሌ፣ ማንን ከማን ጋር ነው የምድረው?» አላቸው።

ያን ቀን ያዳነን መንታው ነው። ጋሽ ኃይሌ በሥራ ቦታ ላሉ ማሽኖች ሁሉ መንታ ያስቀምጡ ነበር፤ አንድ ዓይነት ኮምፒውተር፣ ውስጡም አንድ ዓይነት። አፕዴት ሲመጣ መጀመሪያ መንታው ላይ ይሞክራሉ። ካርድ አታሚው ሳያስሞክር ቸኩሎ ነበርና ያልታደሰውን መንታ አንስተን ሰጠነው፤ ሙሽሮቹም ስማቸው ተመለሰላቸው።

አፕዴት ከመጀመሩ በፊት ማሽኑ ረጅም ጽሑፍ ያወጣል። እነዚህ ይጨመራሉ፣ እነዚህ ይታደሳሉ፣ እነዚህ ይወጣሉ ይልና በመጨረሻ ልቀጥል ወይ ብሎ ይጠይቃል። ሰው ሁሉ ሳያነብ አዎ ይላል። ጋሽ ኃይሌ ግን መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፍተው፣ ጣታቸውን ስክሪኑ ላይ አኑረው እኔን ያስነብቡኛል።

«የሚጨመረውን ተዪው። የሚወጣውን አንብቢልኝ።»

እንግሊዝኛዬ ፊደል ከመቁጠር የሚሻል አልነበረም። ላቤ ጠብ እስኪል እየቆጠርኩ አነባለሁ። እሳቸው ቸኩለው አያውቁም። እንግሊዝኛ ማንበብ የለመድኩት እንዲህ ነው፤ ሊወገዱ ከተዘጋጁ ነገሮች ስም።

አፕዴት እየተደረገ ሱቁ ውስጥ አይበላም ነበር። ምክንያቱን ነግረውኝ አያውቁም፤ ብቻ እሳቸው ቆመው፣ አንድ መዳፋቸውን ማሽኑ ጀርባ ላይ አድርገው ሙቀቱን እያዳመጡ ይጠብቃሉ። ማሽኑ ሪስታርት ተደርጎ ደህና ሲነሳ ብቻ ከኮሪያዎቹ ባቄላ የተሞላበት ጣፋጭ ዳቦ ያስገዙኛል። ከ«አዎ» በፊት ደግሞ ሁልጊዜ አንድ ጥያቄ ነበራቸው።

«መመለሻው የት ነው?»

ሊኑክስ ሲታደስ ከርነል የሚባለውን ዋና ክፍሉን ይቀይራል፤ አሮጌውን ግን ወዲያው አይጥለውም፣ ከአዲሱ ጎን ያኖረዋል። አዲሱ እምቢ ካለ፣ ማሽኑ ሲነሳ አሮጌውን መርጠሽ ወደ ትናንት ትመለሻለሽ። ጋሽ ኃይሌ ድሮ ምሰሶ ላይ ሳይወጡ በፊት መውረጃቸውን ያዩ ስለነበር ይሆናል፣ ይህን ነገር በጣም ይወዱት ነበር። እኔ በጣቴ አሮጌው የተቀመጠበትን ሳላሳያቸው አዎን አይነኩም።

አሁን ወደ እትዬ ዘነበች ልምጣ።

እትዬ ዘነበች ኮሌጅ ፓርክ ውስጥ ሕመምተኞችን በቫን ወደ ሕክምና የሚያመላልስ ድርጅት አላቸው። አብዛኞቹ ተሳፋሪዎች የኩላሊት እጥበት የሚሄዱ ናቸው። እጥበት በሳምንት ሦስት ቀን ነው፤ አንዱ ከተዘለለባቸው ውኃው ሰውነታቸው ውስጥ ይጠራቀማል፣ እግራቸው ያብጣል፣ ትንፋሻቸው ያጥራል። ማንን፣ ማን፣ መቼ እንደሚያነሳ የሚናገረው ቢሯቸው ያለው ኮምፒውተር ነው። እሱን የምንጠብቀው እኛ ነበርን። ጋሽ ኃይሌ ደግሞ ለእትዬ ዘነበች እምቢ ማለት አይችሉም ነበር፤ ባለቤታቸው ያረፉ ጊዜ ለቅሶውን ያስተናገዱላቸው እትዬ ናቸው።

ከሾፌሮቹ ሁለቱን አውቃቸዋለሁ። ደረጀ በሚካኤል ቀን ሳያስቀድስ ቫን አይነዳም። ጀማል ደግሞ የአርብ ስግደት አያልፈውም። ስለዚህ ይለዋወጣሉ። በወሩ ሚካኤል ጠዋት የደረጀን ሰዎች ጀማል ያነሳለታል፤ አርብ ቀትር ላይ የጀማልን ሰዎች ደረጀ።

«አንተ ጀማል፣ የእኔን ሰዎች ስታነሳ እኮ ሚካኤል ላንተም ያስብልሃል» ይለዋል ደረጀ።

«እሱ ይቅርብኝ፤ አንተ ቤንዚን ሙላልኝ።»

እትዬ ዘነበች ጴንጤ ናቸው፤ ወሩ ውስጥ ሚካኤል መቼ እንደሚውል አይከታተሉም። ሾፌሮቹ ሲነግሯቸው ማሽኑ ላይ ያስገባሉ፤ በቀኑ የሾፌሩ ስም ቀይ ሆኖ ይመጣላቸዋል። በዚህ ዓይነት አንድም ሰው ቀርቶ አያውቅም ነበር።

ከዚያ የሕመምተኞቹን ጉዞ ለድርጅቱ የሚያከፋፍለው መሥሪያ ቤት፣ ከአርብ ጀምሮ የቀድሞው ፕሮግራም ይዘጋል፣ አዲሱን ጫኑ አላቸው። አዲሱ ፕሮግራም እትዬ ዘነበች ጋ ባለው ሊኑክስ ላይ አልጫን አለ፤ ሊኑክሱ ከሥሩ መታደስ ነበረበት። መንታው ላይ ሞከርነው። ቀኑን ሙሉ ፈጀ፤ ግን ደህና ተነሳ። ዳቧችንን በላን። ሐሙስ ከምሳ በኋላ ኮሌጅ ፓርክ ሄድን።

ቢሮው የአንድ አሮጌ ሕንፃ ታችኛው ፎቅ ነው፤ አውሮፕላን በጣራው ላይ ሲያልፍ መስኮቱ ይንቀጠቀጣል። ሥራው በደህና ጀመረ። ግማሽ ላይ ቆመ። ከርነሎቹ የሚቀመጡበት ትንሽ ክፍል ሞልቶ ነበር። መንታው ላይ ይህ አልገጠመንም፤ የቢሮው ማሽን ግን ለዓመታት ሲታደስ የኖረ ነው። ትርፍ የሆኑትን አሮጌዎች አስወጣን። አሁንም ጠበበው። የቀረው አንድ ብቻ ሆነ፤ ያን ሰዓት ማሽኑ የሚሠራበት።

እትዬ ዘነበች ከጀርባችን ሆነው፣ «ምን አለ ጋሽ ኃይሌ?» አሉ።

«ቦታ ጠበበው።»

«ታዲያ ያስለቅቁለት!»

«የሚለቀቀውማ… አንድ ነገር ነው የቀረው።»

«እኔ ይኼን አላውቅም። የማውቀው፣ ነገ ጠዋት ካልሠራ ሰዎቼ በር ላይ እንደሚቀሩ ነው። ይልቅ ሻይ ላምጣልዎት?»

«አይ፣ አይጠጣም አሁን።»

የጋሽ ኃይሌ መነጽር ግንባራቸው ላይ ነበር። የቀረውን እንዲያስወጣ ማሽኑን አዘዙት። ማሽኑ ራሱ ደንግጦ ይመስል ሌላ ጥያቄ አመጣ። አነበብኩላቸው፤ ይህ አሁን እየሠራህበት ያለኸው ነው፣ ብታስወጣው ላይነሳ ይችላል፣ ይተው ወይ ይላል።

«መመለሻውስ?» አልኩ። ድምፄ ለራሴም አልተሰማኝም። እሳቸው ግን ሰምተውኛል።

ወደ እትዬ ዘነበች ዞር አሉ። እትዬ ዘነበች እጃቸውን አጣምረው ቆመዋል። ጋሽ ኃይሌ ወደ እኔ ጎንበስ ብለው፣ ቀስ ብለው፣ «መመለሻው እኔ ነኝ» አሉኝ። ከዚያ ነኩት።

ሥራው ቀጠለ። ሪስታርት አደረግነው። ስክሪኑ አዲስ መልክ ይዞ ተነሳ፤ እትዬ ዘነበች እልል ሊሉ ምንም አልቀራቸውም። እኔ ግን ጥጉን አየሁ። የዋይፋዩ ምልክት የለም።

ጋሽ ኃይሌ መዳፋቸውን ከማሽኑ ላይ አነሱ። የዋይፋዩ ዕቃ ርካሽ ነገር ነው፤ ከዓመታት በፊት ሊኑክስ አላውቀውም ብሎ ስለነበር ራሳቸው ከአሮጌው ከርነል ጋር በእጃቸው አስማምተውት ነበር። ያ ከርነል አሁን የለም። ሱቅ ያለው መንታ ደግሞ ኢንተርኔት የሚያገኘው በሽቦ ነው፤ ስለዚህ ስንሞክረው ዋይፋዩ ትዝ አላለንም። እዚህ ሽቦ መሳብ አይቻልም፤ ሽቦው ያለበት ክፍል የአከራዩ ነው፣ ተቆልፏል፣ አከራዩም ስልክ አያነሳም።

ጋሽ ኃይሌ ስልካቸውን በገመድ አገናኝተው ኢንተርኔት ሰጡት። መጣ። ነገር ግን ግማሽ የተጫኑት ነገሮች ተያይዘው ቆሙ። አንዱ ጎረቤቴ ካልገባ አልገባም ይላል፤ ጎረቤቱን ስናዝዘው እሱ ሳይቀድመኝ ይላል። በር ላይ ቆመው «ይቅደሙ፣ የለም እርስዎ ይቅደሙ» የሚባባሉ ሽማግሌዎችን መሰሉኝ። አንዱን በግድ ስናስገባ ሌላ ሁለት ነገር ይወድቃል። ጋሽ ኃይሌ እኔን ማስነበብ ትተው ነበር። ራሳቸው እያነበቡ፣ ራሳቸው እየነኩ፣ ፍጥነታቸው እየጨመረ ሄደ። እንደዚያ ሲቸኩሉ አይቻቸው አላውቅም። የአዲሱ ፕሮግራም መስኮት ከነጭራሹ መከፈት ተወ።

በመጨረሻ ወንበሩ ላይ ተቀመጡ። አፕዴት እየተደረገ ተቀምጠው አያውቁም ነበር።

«ጠዋት መንታውን ይዤልዎት እመጣለሁ» አሏቸው። «ከዚህኛው የሰዎቹ ዝርዝር ያለበትን ዲስክ ነቅዬ እሱ ላይ አደርጋለሁ። አከራዩ እስኪከፍትልን ኢንተርኔቱን ከስልክ ይወስዳል። ይሠራል።»

እትዬ ዘነበች አልተቆጡም። «እግዚአብሔር ያውቃል። እስከዚያ በአፍ እናስተዳድረዋለን» አሉ።

አርብ ጠዋት መንታውን ጭነን ከቡፎርድ ሃይዌይ ወጣን። ከተማውን ከሰሜን ወደ ደቡብ ማቋረጥ አለብን፤ መንገዱ ላይ አደጋ ደርሶ መኪናው ሁሉ ቆሟል። ማሽኑን ጭኔ ላይ አቅፌው ነበር። ጋሽ ኃይሌ መሪውን በሁለት እጃቸው ጨብጠው ፊት ለፊት ያያሉ። እትዬ ዘነበች ደጋግመው ደወሉ። ጋሽ ኃይሌ «ደረስን፣ ደረስን» ይላሉ። አልደረስንም።

በዚያ ሰዓት እትዬ ዘነበች ለሾፌሮቹ አንድ ቃል አስተላልፈው ነበር፦ «ማሽን የለም፤ ዛሬ ሁሉም የራሱን ሰው ያንሳ።» ሾፌር የራሱን ሰዎች ቤት በልቡ ያውቃል፤ ጥሩ መላ ነበር።

ስንገባ ጋሽ ኃይሌ ኮታቸውን ሳያወልቁ ተንበርክከው ዲስኩን መንቀል ጀመሩ። እትዬ ዘነበች በአንዱ ስልክ እያወሩ ነው። ሌላው ስልክ ጠረጴዛው ላይ ጮኸ። ተያየን። ጋሽ ኃይሌ እጃቸው ማሽኑ ውስጥ ነው። ስልኩ ሊያቆም አልቻለም። ስልክ ላይ እንግሊዝኛ መናገር ከምንም በላይ እፈራለሁ። አነሳሁት።

ከእጥበት ክሊኒኩ የምትደውል ሴት ናት። ፈጥና ተናገረች፤ የያዝኩት ስሙን ብቻ ነው። ሚስተር ሃሪስ። ወንበሩ ባዶ ነው።

«ሚስተር ሃሪስ አልደረሱም» አልኩ።

«የደረጀ ሰው ናቸው» አሉ እትዬ ዘነበች። «ከደረጀ ሰዎች ሁለቱ ቀድመው ደውለው ነበር፤ መንገድ ዘግቶበት ነው ብዬ ሌላ ሰው ላክሁላቸው። ቆይ፣ ይኼ ልጅ ስልኩን ምነው ዘጋው?»

ያኔ ቀኑን ቆጠርኩ።

«እትዬ… ዛሬ ሚካኤል ነው።»

ስልኩን ከጆሯቸው አወረዱት። ደረጀ መልእክቱ ሳይደርሰው ስልኩን ዘግቶ ቤተ ክርስቲያን ገብቷል፤ ሰዎቹን ከትናንት ለጀማል አስረክቧል። ጀማል ደግሞ የራስህን ሰው አንሳ ሲባል ልውውጡ ቀርቷል ብሎ የራሱን ሰዎች አነሳ። ሁለቱም ልክ መስሏቸው ነው ያደረጉት። ሚስተር ሃሪስ ግን የማንም ሳይሆኑ ቀሩ።

ጋሽ ኃይሌ ተነስተው የመኪናቸውን ቁልፍ አወጡ። አንድ ጊዜ አዩትና ለእኔ ሰጡኝ።

«አንቺ ንጂው።»

መንጃ ፈቃድ ካወጣሁ ብዙ አልሆነኝም። እሳቸው ከጎኔ ሆነው አድራሻውን ከእትዬ ዘነበች አፍ በስልክ እየሰሙ ይመሩኛል። «ወደ ግራ። አይ፣ ቀጣዩ። አትቸኩዪ።» ድምፃቸው ግን ቸኩሏል። ቀይ መብራት ሁሉ እኛን የሚጠብቅ መሰለኝ።

ሚስተር ሃሪስ ትንሽ ነጭ ቤት በረንዳ ላይ፣ ፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጠው ነበር። ትልቅ ሰውዬ ናቸው፤ ኤርፖርት ሻንጣ ሲጭኑ የኖሩ። ኮፍያቸውን አድርገዋል፣ ብርድ ልብሳቸው ተጣጥፎ ጭናቸው ላይ ነው። የጫማቸውን ማሰሪያ ማሰር አቅቷቸው ተከፍቷል፤ እግራቸው አብጧል። ሲተነፍሱ ትከሻቸው አብሮ ይነሳል።

«ሚስተር ሃሪስ፣ ለምን አልደወሉም?» አልኳቸው። ጩኸቴ ራሴን አስደነገጠኝ።

ትንፋሻቸውን ሰብስበው፣ «ማንንም ማስቸገር አልፈለግኩም፣ ልጄ። ይመጣሉ አልኩ» አሉ።

ያን ንግግር እንደ እኔ የሚገባው ሰው ያለ አይመስለኝም።

ክሊኒኩ ወንበራቸውን ለሌላ ሰው ሰጥቷል። ነርሷ ደረታቸውን አዳመጠች፣ እግራቸውን በጣቷ ጫን አደረገች፤ የጣቷ ጉድጓድ ሳይሞላ ቀረ። አምቡላንስ ጠራች። ጋሽ ኃይሌ ኮሪደሩ ላይ ግድግዳውን ተደግፈው ቆሙ። ተቀመጡ ብላቸው አልተቀመጡም። ከሰዓት በኋላ እትዬ ዘነበች ሆስፒታል መጡ። ውኃው ወደ ሚስተር ሃሪስ ሳንባ ገብቶ እንደነበር፣ እያወጡላቸው እንደሆነ፣ እስኪነጋ ምንም ማለት እንደማይቻል ሐኪሞቹ ነገሩን። እትዬ ዘነበች ከጋሽ ኃይሌ አጠገብ ቆሙ። ቢጮሁ ይሻል ነበር። እጃቸውን ብቻ ያዙ።

«መመለሻው እኔ ነኝ አልኩ እኮ» አሉ ጋሽ ኃይሌ። ለእትዬ ይሁን ለእኔ አላወቅኩም።

ሚስተር ሃሪስ ዳኑ። እሑድ ደረጀም ጀማልም ጋሽ ኃይሌም እኔም ልንጠይቃቸው ሄድን። እንደ ደንባችን ባዶ እጃችንን አልሄድንም፤ ሙዝና ብርቱካን በትልቅ ፌስታል ይዘናል። ደረጀ ፌስታሉን አልጋው ላይ አስቀመጠው። ሚስተር ሃሪስ ከፍተው አዩት። ከዚያ መሳቅ ጀመሩ፤ ሳቃቸው ወደ ሳል ተቀየረና ነርሷ ሮጣ መጣች። ፌስታሉን ስታይ ዓይኗ ፈጠጠ። ኩላሊቱ ለደከመ ሰው ሙዝና ብርቱካን ለልቡ አደገኛ ነው፤ ከሁሉ በፊት የሚከለከለው እሱ ነው። እነዚህን ሰዎች ሲያመላልሱ የኖሩት ደረጀና ጀማል እንኳ ይህን አያውቁም ነበር።

«አርብ አልሆን ሲላችሁ በድጋሚ ልትሞክሩ መጣችሁ?» አሉ ሚስተር ሃሪስ።

ስተረጉምላቸው ጋሽ ኃይሌ መጀመሪያ ደነገጡ። ከዚያ ሳቁ። ሲስቁ እንባቸው መጣ፤ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ።

«አንተ ምን ታይበታለህ፣ ብላው እንጂ!» አለው ጀማል ደረጀን። ደረጀ ሙዙን ልጦ፣ ሆስፒታሉ ውስጥ፣ ሰው እያየው በላው።

የቢሮው ማሽን በመንታው ተተክቶ ሠራ። ደረጀና ጀማል ዛሬም ይለዋወጣሉ፤ አሁን ግን ለተሳፋሪው ራሱ ደውለው ነገ የሚመጣው እገሌ ነው ይሉታል። ጋሽ ኃይሌ ግን ከዚያ ወዲያ አዎ ማለት አቃታቸው። ደንበኛ ላፕቶፕ ያመጣል። የሚወጣውን ያስነብቡኛል። ደግመው ያስነብቡኛል። መመለሻውን አሳያቸዋለሁ፤ አለ፣ ቁጭ ብሏል። ጣታቸውን ቁልፉ ላይ ያኖሩና ያነሱታል። «ነገ እናየዋለን» ይላሉ። አንዳንዴ እኔ እንድነካው ይነግሩኝና ወደ ውጭ ይወጣሉ፤ እስክጠራቸው ዳቦ ቤቱ በር ላይ ይቆማሉ። እንዲህ ሆኖ ሱቅ አይቆምም። የኪራዩ ውል ሲያልቅ አላደሱትም።

አሁን ደንዉዲ የሚባል ሰፈር ከልጃቸው ጋር ይኖራሉ። አንዳንድ እሑድ እሄዳለሁ። የእትዬ ዘነበች አሮጌ ማሽን መኝታ ቤታቸው ጥግ ጠረጴዛ ላይ አለ፤ ከባዶ ጀምረው ጭነውታል። የአፕዴቷ መስኮት ብቅ ስትል አይዘጓትም፣ አይነኳትምም። «ትቀመጥ» ይላሉ። ዳቦውን እኔ ነኝ ይዤላቸው የምሄደው።

እኔ ደግሞ ቫን እነዳለሁ። «ያን ቀን እንዴት እንደነዳሽ ጋሽ ኃይሌ ነግረውኛል» ብለው እንድነዳላቸው የጠየቁኝ እትዬ ዘነበች ናቸው። ፈርቼ ነበር፤ ሰው ማናገር ያለበት ሥራ መስሎኝ። ግን እጥበት የሚሄድ ሰው ጠዋት ብዙ አያወራም። ክንዱን ትይዣለሽ፣ ቀበቶውን ታስሪያለሽ፣ ሙቀቱን ታስተካክያለሽ። ተመላሾቹ ደክመዋል፤ በዝግታ ትነጃለሽ።

ፕሮግራሙ አሁን በስልካችን ነው። ባለፈው ሰኞ ሚስተር ሃሪስ ቤት በር ላይ ፓርክ ሳደርግ ስልኩ ላይ መስኮት ብቅ አለች። አዲስ አፕዴት አለ፣ አሁን ይጫን ወይስ በኋላ። ቀና አልኩ። ሚስተር ሃሪስ በረንዳው ላይ ቆመዋል፤ ኮፍያቸውን አድርገው፣ ብርድ ልብሳቸውን በክንዳቸው ይዘው። ሞተሩን ሳላጠፋ ስልኩን እያየሁ መቆየቴን አይተው፣ «ደግሞ ያ ማሽንሽ ነው? ልቀመጥ ወይ?» ብለው ጮኹ።

«አይቀመጡ!» አልኳቸው፤ መንገዱ ማዶ ያለ ሰው እስኪዞር ድረስ ጮክ ብዬ።

«በኋላ» የሚለውን ነካሁና ክንዳቸውን ልይዝ ወረድኩ።